«መድኃኒቱን አቆምኩት ዶክተር»

የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ አረፍ ብላችሁ አንብቡት። ጊዜ ካጠራችሁ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለውን ምክር ብቻ እንኳ ሳታነቡ አትለፉ።

ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ልትታይ መጣች። (ታሪኳን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። ማን እንደሆነች እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።) ኤች አይ ቪ በደሟ እንዳለ ካወቀች ዓመታት ተቆጥረዋል። የመጀመሪያው መስመር መድኃኒት አልሠራላት ስላለ ወደ ሁለተኛው መስመር ተዛውራለች። አሁን አታዛናቪር የሚባለውን ከሌሎች ጋር ትወስዳለች። ጎበዝ ታካሚ ናት፤ ቀጠሮ አታሳልፍም፣ ክኒን አትረሳም። የዚያን ቀን ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ዝም አለች። ቆየት ብላ ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ።

ከሌላ ቋንቋ የተመለሰ አጭር ጽሑፍ ነው። የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች አዲስ የደም ስር እንዳይበቅል እንደሚያግዱ በጥናት ተረጋግጧል ይላል። በማን ላይ ተጠና፣ የትኛው መድኃኒት ነው፣ በምን ያህል መጠን፣ ምንም የለም። ሦስት መስመርና አንድ ፎቶ ብቻ።

«ልጄ ታዲያ በምን ሊያድግ ነው?» አለችኝ። «ምግቡም አየሩም የሚደርሰው በደም ስር አይደለም? አቆምኩት ዶክተር። ዛሬ ዘጠኝ ቀን ሆነኝ።»

አልተቆጣኋትም። የማልቆጣበት ምክንያት አለኝ፤ በዚህ ገጽ ላይ ግን እስከ ዛሬ ጽፌው አላውቅም።

*የኔ ክኒን*

በ2009 ዓ.ም. ኢንተርን ነበርኩ። ተረኛ ነኝ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ከአንድ በሽተኛ ደም ቀድቼ መርፌውን መልሼ ልከድን ስል አውራ ጣቴን ወጋኝ። መርፌ ተመልሶ እንደማይከደን እኔው ራሴ ለተማሪዎች ስናገር ነበር። ድካም ነው፤ ሌላ ሰበብ የለኝም። የበሽተኛውን ካርድ ገልጬ ሳይ ቫይረሱ በደሙ አለ።

እኔ ደግሞ የሰባት ሳምንት ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ከባለቤቴ በስተቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የሚሰጥ የመከላከያ መድኃኒት አለ። ቶሎ መጀመር አለበት፤ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ። ከዚያ ለ28 ቀን ይወሰዳል። በበሽታው ከተያዘ ሰው ደም ጋር የነካካ መርፌ ሲወጋ ቫይረሱ የሚተላለፈው ከ1,000 መወጋት በ3 ገደማ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ መርፌው የገባው የራሳችሁ ጣት ውስጥ ሲሆን ግን ትንሽ አይደለም። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጀመርኩ። ከተሰጡኝ መድኃኒቶች አንዱ ሎፒናቪር ከሪቶናቪር ጋር የተቀመመው ነው፤ ጠዋት ሁለት ፍሬ፣ ማታ ሁለት ፍሬ። የእርግዝናው ማቅለሽለሽ ላይ የመድኃኒቱ ተቅማጥ ተጨመረበት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን አነሳሁ። የምወስደውን መድኃኒትና እርግዝናን እያያዝኩ መፈለግ ጀመርኩ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስሄድ እ.ኤ.አ. በ2002 ከሮም የወጣ አንድ ጥናት ላይ ደረስኩ። ከኔ መድኃኒት ጋር አንድ ቤተሰብ የሆኑ ሁለት ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቶች አዲስ የደም ስር እንዳይበቅል አገዱ ይላል። ሙሉውን አላነበብኩም። ያቺን ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዤ ቀረሁ። በሆዴ ውስጥ ያለው ፅንስ ልቡ መምታት የጀመረ ነው፤ የእንግዴ ልጁ የደም ስሮች ገና እየተዘረጉ ነው።

የዚያን ማታውን ክኒን አልዋጥኩም። የማግስቱን ጠዋትም አልዋጥኩም። ሐኪም ነኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም።

በሁለተኛው ሳምንት ቀጠሮዬ የኤ.አር.ቲ. ክሊኒኳ ሲስተር ክኒኖቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ቆጠረች። አራት ፍሬ ትርፍ መጣ። ደግማ ቆጠረች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ያን ጊዜ እንባዬ መጣና ሁሉንም ነገርኳት። በዕድሜ እናቴን ታክላለች። ሳትቆጣ እንዲህ አለችኝ፦ «ልጄ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ክኒኑን እየዋጥሽም መጠየቅ ትችያለሽ።»

ከዚያ በኋላ አንድም አላሳለፍኩም። ጥናቱንም ቁጭ ብዬ በሙሉ አነበብኩት። ያን ጊዜ የተማርኩትን ነው ዛሬ ለእናንተ የማካፍላችሁ።

*የደም ስር እድገት የሚፈተነው እንዴት ነው?*

በመጀመሪያ ለምን እንደሚፈተን። ሰውነታችን አዲስ የደም ስር የሚያበቅለው ሲያስፈልገው ነው፦ ቁስል ሲድን፣ የወር አበባ ከሄደ በኋላ ማኅፀን ሲታደስ፣ በእርግዝና ጊዜ የእንግዴ ልጅ ሲሠራ። ያለቦታው ሲበቅል ደግሞ ችግር ነው። የስኳር ሕመምተኞችን ዓይን የሚያጠፋ አንዱ ምክንያት እሱ ነው፤ ጊዜያቸው ሳይደርስ የተወለዱ ሕፃናት ዓይንም በዚሁ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1971 ጁዳ ፎክማን የሚባል አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም አንድ ሐሳብ አቀረበ፤ የካንሰር እብጠትም የራሱን የደም ስር ካልሳበ ሊያድግ አይችልም አለ። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች ስለ ብዙ መድኃኒት አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ ይህ ነገር የደም ስር ሲበቅል ያግዛል ወይስ ያግዳል?

አንዱ መፈተኛ እንቁላል ነው። አያቴ ዶሮ ካስታቀፈች ከጥቂት ቀን በኋላ ማታ ማታ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ወደ ኩራዝ ብርሃን እያስጠጋች ታያለች። ጫጩት የያዘው ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀይ ክር ይታያል። ያልያዘውን ለይታ ታወጣለች። ተመራማሪዎቹም የሚያዩት ያንኑ ቀይ ክር ነው። ጫጩት የያዘውን እንቁላል ሞቅ ባለ ማስፈልፈያ ያቆዩና ቅርፊቱ ላይ ትንሽ መስኮት ይከፍታሉ። ከውስጥ ባለው ስስ ሽፋን ላይ መድኃኒት የነካ ትንሽ ቁራጭ ያስቀምጣሉ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ የደም ስሮቹን ይቆጥራሉ። መድኃኒት ካልተደረገበት እንቁላል ጋር ያስተያያሉ።

ሌላው መፈተኛ እትብት ነው። እኛ አገር እትብት ይቀበራል፤ «እትብቴ የተቀበረበት» የምንለው ለዚህ ነው። በምርምር ቤቶች ግን እናቲቱ ከፈቀደች ከወሊድ በኋላ የሚጣለው እትብት ይወሰዳል። በውስጡ ካለው የደም ስር ግድግዳውን የሸፈኑት ሴሎች ይታጠቡና ይወጣሉ። ኤሪክ ጃፌና ባልደረቦቹ ይህን በኒው ዮርክ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ሴሎቹ እንደ ጄሊ ባለ ነገር ላይ ሲቀመጡ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እየተያያዙ መረብ የመሰለ ቱቦ ይሠራሉ። የደም ስር መሆን ያውቁበታል። መድኃኒት ሲጨመርባቸው መረቡ ከተበጣጠሰ ያ መድኃኒት የደም ስር እድገትን ሊያግድ ይችላል ተብሎ ይመዘገባል።

ይህን ስታነቡ አንድ ነገር ልብ በሉ። በሁለቱም መፈተኛዎች ውስጥ እናት የለችም። መድኃኒቱን የሚያጣራ ጉበት የለም። የእንቁላሉ ሽፋን እንግዴ ልጅ አይደለም።

*የሮሙ ጥናት በእርግጥ ምን ነበር?*

ካፖሲ ሳርኮማ የሚባል ካንሰር አለ። ቆዳ ላይ፣ እግር ላይ፣ አፍ ውስጥ ጠቆር ወይም ሐምራዊ ሆኖ ይወጣል። ኤች አይ ቪ የሰውነትን መከላከያ ባዳከመባቸው ሰዎች ላይ እኛም አገር እናየዋለን። ከደም ስር ጋር የተያያዘ ካንሰር ነው፤ የሚኖረው አዲስ የደም ስር እያበቀለ ነው። ሐኪሞች አዲሶቹን የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች የጀመሩ ሕመምተኞች ላይ ይህ ካንሰር ሲቀንስ ያዩ ነበር። የተለመደው ማብራሪያ የሰውነት መከላከያ ስላገገመ ነው የሚል ነበር። የሮም ተመራማሪዎች ግን ጠየቁ፤ መድኃኒቱ ራሱ በካንሰሩ ላይ የሚሠራው ነገር ይኖር ይሆን?

ኢንዲናቪርና ሳኩይናቪር የሚባሉትን ሁለት መድኃኒቶች ወስደው በሴል፣ በእንቁላልና በአይጥ ፈተኑ። የተጠቀሙት መጠን በታካሚዎች ደም ውስጥ የሚገኘውን ያህል ነው። መድኃኒቶቹ ካንሰሩን የሚመግበውን የደም ስር አገዱ፤ በአይጦቹ ላይ እብጠቱ ቀነሰ። ይህ የምሥራች ነበር! እኔን ሌሊት ያስለቀሰኝ ዓረፍተ ነገር ለካፖሲ ሕመምተኛ ተስፋ ሆኖ የተጻፈ ነው።

እንግዲህ ለነፍሰ ጡር ምን ማለት ነው? «ምንም ማለት አይደለም» ብያችሁ ባልፍ ይቀለኝ ነበር፤ እውነት ግን አይሆንም። በአንድ በኩል፣ የተፈተኑት ሁለቱ መድኃኒቶች እኔና ታካሚዬ የወሰድናቸው አይደሉም፤ አንድ ቤተሰብ ናቸው እንጂ አንድ ሰው አይደሉም። ደግሞም የዚህ ቤተሰብ መድኃኒቶች ከእናት ደም ወደ ፅንሱ ደም የሚያልፉት በጥቂቱ ነው። በሌላ በኩል ግን እንግዴ ልጁ ራሱ በእናት ደም የተከበበ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን እንቁላል ውስጥ አይገኝም።

*ፍርሃቱ ከየት መጣ?*

እናቶች መድኃኒት ሲፈሩ «አጉል ፍርሃት» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። አልስማማም። ታሊዶማይድ የሚባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለሽያጭ ቀረበ። ለእንቅልፍና ለነፍሰ ጡር ማቅለሽለሽ ይሰጥ ነበር። በ1961 ከገበያ ሲወጣ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ወይም በሌላ ጉዳት እንደተወለዱ ይገመታል። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ በፎክማን ላቦራቶሪ የጥንቸል ዓይን ላይ ሲፈተን ታሊዶማይድ የደም ስር እድገትን እንደሚያግድ ታየ። ዛሬ ያው መድኃኒት ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ሕክምና ይውላል፤ ለነፍሰ ጡር ግን ፈጽሞ አይሰጥም።

ስለዚህ እናት ስትፈራ ዓለም ያየውን ነገር ነው የምትፈራው። እዚያ የጎደለው በነፍሰ ጡሮች ላይ የሚሆነውን ቀድሞ መጠየቅና መቁጠር ነበር።

*መልሱ የሚገኘው በመቁጠር ነው*

እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በእርግዝና ጊዜ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የወሰዱ እናቶች የሚመዘገቡበት ዓለም አቀፍ መዝገብ አለ። ሎፒናቪርንም አታዛናቪርንም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የወሰዱ እናቶች በየመድኃኒቱ ከ1,000 በላይ ተመዝግበዋል። በልጆቻቸው ላይ ሲወለዱ የሚታይ የአካል ጉድለት ከሌላው ሕዝብ በልጦ አልተገኘም።

ሙሉውን ልንገራችሁ ብያለሁና ይህንንም ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2016 በአፍሪካ አገሮችና በሕንድ የተካሄደ ትልቅ ጥናት ታተመ። ሎፒናቪር ያለበትን የሦስት መድኃኒት ሕክምና ከወሰዱት እናቶች 20.5 በመቶ የሚሆኑት ከ37 ሳምንት በፊት ወለዱ። ዚዶቩዲን የሚባለውን መድኃኒት መሠረት ያደረገ ቀለል ያለ ሕክምና ከወሰዱት ግን 13.1 በመቶ ናቸው። ይህ እውነተኛ ልዩነት ነው፤ አንደብቀውም። በዚያው ጥናት ቫይረሱ ወደ ልጅ የተላለፈው በሦስት መድኃኒት ሕክምና 0.5 በመቶ፣ በቀለል ያለው ሕክምና 1.8 በመቶ ነው። ምንም ዓይነት መከላከያ ሳይወሰድ ሲቀር ደግሞ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ማጥባት ከ15 እስከ 45 በመቶ ወደ ልጅ ይተላለፋል። ሐኪም መድኃኒት ሲመርጥ እነዚህን ቁጥሮች በአንድ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ነው።

ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምትወስዱት ዶሉቴግራቪርም በዚህ ፈተና አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2018 በቦትስዋና መድኃኒቱን ከመፀነሳቸው በፊት ጀምረው ከነበሩ 426 እናቶች በ4ቱ ልጆች ላይ የአንጎልና የአከርካሪ አፈጣጠር ችግር ታየ። ዓለም ደነገጠ። የቦትስዋና አዋላጆችና ተመራማሪዎች ግን በየማዋለጃው መቁጠራቸውን ቀጠሉ። በ2022 ቁጥሩ ከ9,460 ወሊድ 10 ሆነ፤ ሌላ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከሚወስዱ እናቶች የተለየ አይደለም። ያኔ ደንግጠው መድኃኒቱን ያቆሙ ሁሉ ያቆሙት ገና ቆጠራው ሳያልቅ ነበር።

*ልጄና ታካሚዬ*

ምርመራዬ በስድስተኛው ሳምንትም በሦስተኛው ወርም ነፃ ሆነ። ልጄ በ36ኛው ሳምንት ተወለደች፤ ሁለት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም። ጥቂት ሳምንት ደረቴ ላይ በሙቀት አቀፍኳት። ዛሬ ተማሪ ናት፤ ደብተሯን ትታ ስልኬን የምትሻማኝ።

ትንሽ ቀድማ የመጣችው በመድኃኒቱ ነው? ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ከአንድ ወሊድ ይህን ማወቅ አይቻልም። መድኃኒቱን ያልነኩ እናቶችም በ36 ሳምንት ይወልዳሉ። የኔ ታሪክ «መድኃኒቱ ጎጂ ነው» ለሚልም፣ «ምንም አይነካም» ለሚልም ማስረጃ አይሆንም። ከጎረቤታችሁ ታሪክ ተነስታችሁ ስለ መድኃኒታችሁ እንዳትወስኑ የምለምናችሁ ለዚህ ነው። ከኔም ታሪክ ተነስታችሁ አትወስኑ።

ታካሚዬ ያን ቀን ይህን ሁሉ ሰማችኝ። ብዙ ጠየቀች። በመጨረሻ «እየዋጥኩ ልጠይቅሽ ማለት ነው» አለችና ሳቀች፤ እኔም ሲስተርን አስታወስኳት። መድኃኒቷን በዚያው ቀን ጀመረች። የፅንሱን እድገት በአልትራሳውንድ አየን፤ ለዕድሜው ተመጣጣኝ ነው። የቫይረስ መጠን ለመለካት ደም ተልኳል፤ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። ዘጠኝ ቀን ቀላል አይደለም፤ እንደማይቆጠር አድርጌ አልነገርኳትም።

*ምክሬ*

ስለ መድኃኒታችሁ የሚያስፈራ ነገር ስታነቡ እነዚህን ጠይቁ፦

1. በምን ላይ ተፈተነ? በሴል፣ በእንቁላል፣ በአይጥ ወይስ በሰው?
2. የትኛው መድኃኒት ነው? «የኤች አይ ቪ መድኃኒት» የሚባል አንድ ክኒን የለም። የእናንተን ስም ከካርዳችሁ ላይ እዩት።
3. በምን ያህል መጠን? ከማን ጋር ተወዳድሮ?
4. መድኃኒቱን ብተው ምን ይከተላል? ይህን ሳይመልስ «አቁሙ» የሚል ጽሑፍ ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁ።

በተጨማሪ፦

• በራሳችሁ አታቁሙ፤ መጠኑንም አትቀንሱ። ጥያቄያችሁን ይዛችሁ ኑ፤ የሚቀየር ከሆነ ሐኪማችሁ በሌላ ይቀይረዋል።
• አቁማችሁ ከሆነ አትደብቁ። በዚያው ቀን ወደ ክሊኒካችሁ ሄዳችሁ ስንት ቀን እንዳለፈ በትክክል ተናገሩ። ያለፈውን ለማካካስ ደራርባችሁ አትውሰዱ።
• ለማርገዝ ስታስቡ አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ፎሊክ አሲድም በጊዜ እንጀምር።
• ደም መፍሰስ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከወር በፊት የሚመጣ ምጥ ወይም የፅንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ ቀጠሮ ሳትጠብቁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።
• ባሎች፣ እናቶች፣ እህቶች፦ ክኒን ያቆመች ሴት ስታገኙ ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እንዳስፈራት ጠይቋት።

ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ። የራሳችሁን ውጤትና የመድኃኒት ስም ግን ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ አትጻፉ፤ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ እመልሳለሁ። ይህ ጽሑፍ ይጠቅማታል የምትሏት ነፍሰ ጡር ካለችም አድርሱላት።

ጤና ይብዛላችሁ።